የሳይንሳዊ ልብ ወለድ የአድናቂ ፊልማችንን በኢንተርኔት ስንለቅ ያለፍንበት መንገድ

ስለ ፊልም አቀራረጽ፣ ስለ መብራትና ስለ ትወና የሚመክር ጽሑፍ ሞልቷል። ያለቀለትን ፊልም፣ ያውም የሌላ ሰው ንብረት በሆነ ምናባዊ ዓለም ላይ የቆመን የአድናቂ ፊልም፣ እንዴት ለተመልካች ማድረስ እንደሚገባ የሚያስረዳ ግን ብዙም አይገኝም። እኔና ጓደኞቼ በትርፍ ጊዜያችን፣ ያለ ምንም ክፍያ የሠራነውን አጭር የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም በዩቲዩብ በለቀቅንበት ወቅት በሚገባ የተረዳነው፣ የልቀቱ ሥራ ስክሪፕቱ ከሚጻፍበት ቀን አንሥቶ መታሰብ እንዳለበት ነው። አንድ የሙዚቃ ቁራጭ፣ አንድ ያልተፈረመ ወረቀት ወይም አንድ የማይፈቀድ ርዕስ ብዙ የተለፋበትን ሥራ ከመታየት ሊያግደው ይችላል፤ እነዚህን ነገሮች ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ማስተካከል እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ላሉ ወይም ሊጀምሩ ላሰቡ ይጠቅም እንደሆነ፣ ያደረግነውንና ምክንያቱን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ታሪካችን የሚካሄደው ስታር ትሬክ በተባለው የታወቀ የአሜሪካ የጠፈር ድራማና ፊልም ዓለም ውስጥ ነው። ይህን ዓለም የመረጥነው ስለምንወደው ቢሆንም ሌላም ጠንካራ ምክንያት ነበረን፤ የመብቱ ባለቤቶች አድናቂዎች ምን ማድረግ እንደሚችሉ በጽሑፍ አስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የመብቱ ባለቤቶች የሆኑት ሲቢኤስና ፓራማውንት የተባሉ ኩባንያዎች፣ ከሕዝብ ብዙ ገንዘብ አሰባስቦ አክሳናር የተሰኘ የአድናቂ ፊልም ሊያዘጋጅ በተነሣ አካል ላይ የቅጂ መብት ክስ መሥርተው ነበር፤ ጉዳዩ በ2017 መጀመሪያ በስምምነት ከመዘጋቱ በፊት፣ በጁን 2016 ሁለቱ ኩባንያዎች ለአድናቂ ፊልሞች የሚሆን መመሪያ አወጡ። ብዙ አድናቂዎች መመሪያው ጠበቅ ያለ ነው ብለው አዝነዋል፤ ሐዘናቸውም የሚገባኝ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ሙሉ ተከታታይ ድራማ የሚሠሩ የአድናቂ ቡድኖች ነበሩ። እኔ ግን እስከ አሁን ድረስ፣ የተጻፈና የሚነበብ ጠባብ በር ጨርሶ በር ከማጣት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በሌሎች ዓለሞች ላይ ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች በመጀመሪያ ሊያጣሩት የሚገባው የመብቱ ባለቤት ምን እንዳለ ነው። ለምሳሌ የስታር ዋርስ ፊልሞች ባለቤት የሆነው ሉካስፊልም ከ2002 ጀምሮ ለዓመታት የአድናቂ ፊልሞች ውድድር በይፋ ሲደግፍ ቆይቷል፤ ሌሎች ባለመብቶች ደግሞ ምንም አይሉም፤ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ መቁጠር ግን አይገባም።

መመሪያው አጭር ቢሆንም እያንዳንዱ ነጥብ በፊልሙ አሠራር ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። አንድ ታሪክ ከ15 ደቂቃ መብለጥ የለበትም፤ በሁለት ክፍል የሚቀርብ ከሆነ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ30 ደቂቃ አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ ተከታይ ክፍል መጨመር አይቻልም። የፊልሙ ርዕስ «ስታር ትሬክ» የሚለውን ስም መያዝ የለበትም፤ ነገር ግን የአድናቂዎች ሥራ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቃላቱ በመመሪያው የተወሰኑ ንዑስ ርዕስ ባልተጌጠ ፊደል መከተል አለበት። ይፋዊ ሥራ እንደሆነ የሚያስመስል ቃል በርዕስም ሆነ በማስተዋወቂያ መጠቀም ክልክል ነው። ተዋንያንም ሆኑ ሌሎች ባለሙያዎች ክፍያ የማይቀበሉ አማተሮች መሆን አለባቸው፤ ቀደም ሲል በይፋዊ ሥራዎቹ ላይ ተቀጥረው የሠሩ ሰዎችም ሊሳተፉ አይችሉም። ከገበያ የሚገዛ የደንብ ልብስ ወይም ቁሳቁስ ካለ በፈቃድ የተመረተ እንጂ አስመስሎ የተሠራ መሆን የለበትም። ከይፋዊ ፊልሞችና ድራማዎች የተቆረጠ ምስል ማስገባት አይቻልም፤ ከሦስተኛ ወገን የሚወሰድ ማንኛውም ነገር ደግሞ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ለሥራው የሚሰበሰብ መዋጮ ከ50,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ ለለጋሾች የሚሰጥ ሽልማት፣ የሚሸጥ ዲቪዲ፣ የሚገኝ የማስታወቂያ ገቢ አይኖርም። በመጨረሻም ባለመብቶቹ መመሪያውን በማንኛውም ጊዜ ሊለውጡት ወይም ሊያነሡት እንደሚችሉ ተገልጿል፤ ስለዚህ የተሰጠን ነገር በችሮታ የተሰጠ እንጂ በፍርድ ቤት የምንከራከርበት መብት አይደለም።

በዚህ ምክንያት «ፍትሐዊ አጠቃቀም» በሚለው፣ የሌላን ሰው ሥራ በተወሰነ ሁኔታ ያለ ፈቃድ መጠቀም በሚያስችለው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ድንጋጌ ላይ መደገፍ እንደሚቻል የሚነገረውን በጥንቃቄ እንድትመለከቱት እመክራለሁ። ድንጋጌው አራት መመዘኛዎች አሉት፤ እነዚያ መመዘኛዎች የሚመዘኑት ግን በእያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻ፣ ያውም ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። የታወቀውን ሥራ የሚተች ወይም የሚያፌዝ ሥራ ከሆነ መከራከሪያው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዓለም ውስጥ አዲስ ታሪክ በቅንነት ለሚተርክ የአድናቂ ፊልም ግን ጥሩ መጠለያ አይሆንም።

የ15 ደቂቃው ገደብ በስክሪፕታችን ላይ ያደረገውን ላስረዳ። የመጀመሪያው ጽሑፍ አንዲት የምርምር መርከብ ከጣቢያ ስትነሣ፣ ሠራተኞቹ ሲተዋወቁ፣ ከዚያም ችግር ሲገጥማቸው የሚያሳይ ነበር። ገደቡን ስናሰላ መግቢያው ብቻ ሲሶውን ጊዜ የሚወስድ ሆኖ አገኘነው፤ ስለዚህ ታሪኩ የመርከቧ ኃይል ከተቋረጠ በኋላ እንዲጀምር አደረግን። ተመልካቹ ገጸ ባሕርያቱን የሚያውቃቸው ጨለማ ውስጥ ሆነው ሲነጋገሩ፣ ማን ማንን እንደሚያዝና ማን ማንን እንደማያምን ከንግግራቸው በመረዳት ነው። ይህ ለውጥ ፊልሙን አሻሽሎታል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ፤ በኢንተርኔት የሚመለከት ሰው የማያውቃቸውን ተዋንያን በትዕግሥት የሚጠብቀው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነውና።

ከተዋንያንና ከቀረጻው ሠራተኞች ጋር የጽሑፍ ስምምነት መፈራረም ጓደኛሞች መካከል ሲሆን የማይመች ይመስላል፤ ሆኖም ቅር ያለው ሰው አልነበረም። አንድ ገጽ ብቻ የሆነው ስምምነት፣ ተሳታፊው ምስሉና ድምፁ በፊልሙና በማስተዋወቂያው ላይ እንዲውል መፍቀዱን፣ ክፍያ እንደማይኖር፣ ፊልሙ በነጻ እንደሚታይና ስሙ በምን መልክ እንደሚጻፍ ይገልጻል። ዕድሜው ያልደረሰ ተሳታፊ ካለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ መፈረም አለበት፤ የቀረጻ ቦታ ባለቤትም እንዲሁ። ፊርማው በቀረጻው ቀን ካልተሰበሰበ በኋላ ሰዎችን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሙዚቃና ድምፅ ነው። በአንድ ዘፈን ወይም ማጀቢያ ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ፤ አንደኛው በድርሰቱ ላይ፣ ሁለተኛው በተቀረጸው ድምፅ ላይ። ብዙ የአድናቂ ፊልም ሠሪዎች የታወቀውን የመክፈቻ ዜማ በራሳቸው መሣሪያ አዲስ ከተጫወቱት ነጻ የሚወጡ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የድርሰቱ መብት እንዳለ ስለሆነ ከይገባኛል ጥያቄ አያድናቸውም። እኛ የዚያን ዓለም የታወቀ ዜማ ጨርሶ ላለመንካት ወሰንን፤ ከቡድናችን መካከል ሙዚቃ የሚደርስ ጓደኛችን ከባዶ አዲስ ማጀቢያ ሠራልን፤ ሥራው የራሱ መሆኑንና በፊልሙ ላይ እንድንጠቀምበት መፍቀዱንም በጽሑፍ አረጋገጠልን። የሙዚቃ ደራሲ የሌለው ቡድን በክሬቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ደራሲው ሥራው በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ በነጻ እንዲያገለግል በሚፈቅድበት ፈቃድ የተለቀቁ ሥራዎችን ሊጠቀም ይችላል፤ ይሁንና የፈቃዶቹን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። የደራሲውን ስም መጥቀስ ብቻ የሚጠይቀው ፈቃድ ለፊልም ይመቻል፤ ሥራውን ማሻሻል የሚከለክለው ፈቃድ ግን ሙዚቃውን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ማቀናጀትንም ስለሚከለክል፣ ሙዚቃውን ባትቆርጡትም እንኳ ለፊልም አይሆንም።

ዩቲዩብ የሚጫኑ ቪዲዮዎችን ባለመብቶች ካስመዘገቧቸው ድምፆችና ምስሎች ጋር በራሱ የሚያመሳክር ኮንቴንት አይዲ የተባለ ሥርዓት አለው። ተመሳሳይነት ሲገኝ አስመዝጋቢው ቪዲዮውን ማገድ፣ ማስታወቂያ አስገብቶ ገቢውን መውሰድ ወይም የተመልካቹን አኃዝ ብቻ መከታተል ይችላል። ለአድናቂ ፊልም ሁለተኛው አማራጭ ከገንዘቡም በላይ ጉዳት አለው፤ ያለ ማስታወቂያ እንዲታይ በሚያዝ መመሪያ ሥር የተለቀቀ ፊልም በሦስተኛ ወገን ውሳኔ ማስታወቂያ ተሸካሚ ይሆናልና። እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው፣ ዩቲዩብ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ባስተዋወቀው የአገልግሎት ውል መሠረት ገቢ በማያገኙ ቻናሎች ላይም ማስታወቂያ የማስገባት መብት ለራሱ መያዙን ነው። ይህን ቻናሉን የያዘ ሰው ሊከለክለው አይችልም፤ በእጃችን ያለው ከፊልሙ ምንም ገቢ አለመጠየቅና ይህንንም በመግለጫው ላይ በግልጽ መጻፍ ነው።

እኛም የይገባኛል ጥያቄ ገጥሞናል። ፊልሙን ለሕዝብ ክፍት ከማድረጋችን በፊት በስውር ጭነን ስናስመረምረው፣ ከመርከቧ ሞተር ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚሰማው ጉርምርምታ የአንድ ኩባንያ ሙዚቃ አካል ነው ተባለ። ያንን ድምፅ ያገኘነው ሰዎች የቀረጹትን በነጻ ከሚያካፍሉበት የድምፅ ማከማቻ ነበር፤ ለካ አንድ ሙዚቀኛ ያንኑ ድምፅ በዜማው መክፈቻ ላይ ተጠቅሞበት፣ ዜማው ሲመዘገብ ድምፁም አብሮ ተመዝግቧል። ድምፁን ባወረድንበት ዕለት የገጹን ምስል፣ የፈቃዱን ዓይነትና ቀኑን አስቀምጠን ስለነበር መቃወሚያችንን ከነማስረጃው አቀረብን። ጠያቂው ወገን ለመቃወሚያ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ እኛም የልቀቱን ቀን ሳንናገር ጠበቅን፤ ጥያቄውም ተነሣ። ፊልሙ በይፋ ከወጣ በኋላ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተመልካቾች በሙሉ ከማስታወቂያ ጋር ያዩት ነበር፤ ወይም ጭራሹኑ አያገኙትም ነበር።

እንዲህ ያለው የይገባኛል ጥያቄና «ስትራይክ» የሚባለው ቅጣት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው አንድን ቪዲዮ ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለመብቱ ቪዲዮው እንዲነሣ በሕግ አግባብ ሲጠይቅ በቻናሉ ላይ የሚያርፍ ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ የተቆጠረበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። የይገባኛል ጥያቄን መቃወም የሚገባውም ፈቃዱ በእጅ ሲኖር ብቻ ነው፤ በስሜት የሚቀርብ መቃወሚያ ነገሩን ወደ ስትራይክ ሊያሳድገው ይችላል።

ወደ ምስሉ ልምጣ። የጠፈር ትዕይንት በኢንተርኔት ቪዲዮ ላይ በጣም ከሚበላሹ ነገሮች አንዱ ነው። በእኛ ኮምፒውተር ላይ ለስላሳ ሆኖ ከጥቁር ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚሸጋገረው ሰማይ፣ ከተጫነ በኋላ እንደ ደረጃ የተደራረቡ ቀለበቶች ሆኖ ታየ፤ ከዋክብቱም ካሜራው ሲንቀሳቀስ ብልጭ ድርግም እያሉ ጠፉ። ምክንያቱ ፋይሉን ለማሳነስ የሚደረገው መጨመቅ በጨለማ ቦታ ያለውን ጥቃቅን የቀለም ልዩነት አስቀድሞ ስለሚጥልና፣ የአንድ ፒክሰል ስፋት ብቻ ያለው ኮከብ ምስሉ በአነስተኛ ጥራት ሲታይ ቦታ ስለማይኖረው ነው። መፍትሔው ሦስት ነገሮችን ማጣመር ሆነ። የከዋክብቱን ቁጥር ቀንሰን እያንዳንዳቸውን ወደ ሁለትና ሦስት ፒክሰል አሰፋናቸው፤ የጠፈሩን ትዕይንቶች የቀለም ሽግግሩ ይበልጥ እንዲለሰልስ በየቀለሙ በ10 ቢት ከኮምፒውተሩ አውጥተን፣ ቀለበቶቹን የሚሸፍን እምብዛም የማይታይ ቀጭን የፊልም ቅንጣት (እንደ አቧራ ያለ ጥቃቅን ነጠብጣብ) በላዩ ላይ ጨመርንበት፤ የመጨረሻውን ፋይል ደግሞ የተቀረጸው በ1080 የምስል መጠን ቢሆንም ከዚያ በሚበልጠው በ4ኬ መጠን አውጥተን ጫንነው። ዩቲዩብ ለ1080 ቪዲዮ 8 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ4ኬ ደግሞ ከ35 እስከ 45 ሜጋቢት በሰከንድ እንዲጫን ይመክራል፤ ተመልካቹ ጋ የሚደርሰውም የመረጃ መጠን በትልቁ መጠን ሲጫን ይበልጣል። ቅንጣቱን ማብዛት ግን አይገባም፤ እያንዳንዷ ቅንጣት የመረጃ ድርሻ ስለምትወስድ የተዋናዩ ፊት መደብዘዝ ይጀምራል። እኛ ትክክለኛውን መጠን ያገኘነው የጠፈሩን ትዕይንት ብቻ ለይተን በተለያየ መጠን እየጫንን፣ በስልክ፣ በላፕቶፕና በቴሌቪዥን ጎን ለጎን በማየት ነው። የፕላኔት ምስል ለሚፈልጉ፣ የናሳ ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች በአብዛኛው በቅጂ መብት ያልተያዙ በመሆናቸው ትልቅ ሀብት ናቸው፤ የተቋሙን ዓርማ ግን ድጋፍ የሰጠ በሚያስመስል መንገድ ማሳየት አይፈቀድም።

ስለ ድምፅ መጠን በአጭሩ ለመናገር፣ ዩቲዩብ ከ−14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) በላይ የሚጮህን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ ፍንዳታውን ለማስጮህ ብሎ ጠቅላላ ድምፁን ከፍ ማድረግ ንግግሩን ዝቅ ከማድረግ ያለፈ ጥቅም የለውም። የሞተሩ ጉርምርምታ በስልክ ድምፅ ማጉያ ጨርሶ ላይሰማ፣ በጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ንግግሩን ሊውጥ ስለሚችል በሁለቱም ማዳመጥ ያስፈልጋል።

የግርጌ ጽሑፍ በሌላ ፊልም ጠቃሚ ሲሆን በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ግን የግድ ነው። ማሽኑ በራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ የተፈጠሩ የፕላኔት ስሞችን፣ የማዕረግ መጠሪያዎችንና የመሣሪያ ስሞችን ወደማይገናኝ ቃል ይቀይራቸዋል። እኛ የስሞቹን ዝርዝር ከስክሪፕቱ አውጥተን፣ ጽሑፉን በእጃችን ኤስአርቲ በተባለው የግርጌ ጽሑፍ ፋይል አዘጋጀን፤ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት አመዘጋገብ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደላት ሊበላሹ ይችላሉ። ይህ ፋይል ካለ በሌላ ቋንቋ መተርጎም ለሚፈልጉ አድናቂዎች ሥራው ግማሽ አልቆ ይጠብቃቸዋል። መስማት የተሳናቸው ተመልካቾችም ስለ ታሪኩ ሲጽፉልን፣ በጨለማው ትዕይንት ውስጥ ከምስል ውጭ የሚሰሙትን ድምፆች ጭምር መጻፋችን እንደጠቀማቸው ነግረውናል፤ ይህን ሳነብ የተሰማኝ ደስታ ከተመልካች ቁጥር የሚገኝ አልነበረም።

በመጫኑ ሂደት የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ በዩቲዩብ ላይ የተጫነን ፋይል ሊንኩን ሳይለውጡ በሌላ መተካት አይቻልም። ስለዚህ ሊንኩ ከተበተነ በኋላ የሚታይ የፊደል ግድፈት እዚያው ይቀራል፣ አለዚያም ፊልሙን አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር ነው። እኛ ሊንኩ ያላቸው ሰዎች ብቻ በሚያዩበት መልክ ጭነን፣ ፊልሙን ከዚህ በፊት አይተውት ለማያውቁ ጥቂት ሰዎች አሳየን፤ የስም ዝርዝሩን የስሙ ባለቤት ራሱ እንዲያነበው አደረግን። ካልተረጋገጠ አካውንት ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ መጫን አይቻልም፤ በሁለት ክፍል ለማቅረብ ያሰበም ቢሆን ስልኩን አስቀድሞ ቢያረጋግጥ ይሻለዋል፤ የራስን የሽፋን ምስል ለመጠቀምም ይኸው ማረጋገጫ ይጠየቃል። በተጨማሪም ዩቲዩብ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው አነስተኛውን ጥራት ነው፤ ከፍተኛው ጥራት እስኪዘጋጅ ሳይጠብቅ የተለቀቀ ፊልም፣ በጉጉት ቀድመው ለሚመጡት ተመልካቾች ደብዝዞ ይታያል።

ከቪዲዮው በታች በሚጻፈው የዩቲዩብ መግለጫ ላይ የመጀመሪያው አንቀጽ የታሪኩ ጭብጥ፣ ሁለተኛው መመሪያው የሚያዘው፣ ፊልሙ ከባለመብቶቹ ጋር ግንኙነት እንደሌለው የሚናገር የኃላፊነት መግለጫ፣ ከዚያ የባለሙያዎቹ ስምና የድምፅ ምንጮች ነበሩ። የኃላፊነት መግለጫው በፊልሙ መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን ፊልሙ በሚገኝበትና በሚተዋወቅበት ቦታ ሁሉ መታየት አለበት። ፌስቲቫል ላይ ለማሳየት የሚያስብ ቡድን ደግሞ አስቀድሞ ደንቡን ያንብብ፤ በኢንተርኔት የወጣን ፊልም የማይቀበሉ ፌስቲቫሎች አሉ፤ የመግቢያ ክፍያ መኖሩም በነጻ ከማሳየት ግዴታ ጋር እንዳይጋጭ ማየት ያስፈልጋል።

ለልቀቱ «ፕሪሚየር» የተባለውን፣ ሰዓት ተቆርጦለት ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተወያየ የሚያይበትን አማራጭ መረጥን። ለታዋቂ ቻናል ብቻ የሚሆን ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ተዋንያኑ ከየቤታቸው ገብተው ከተመልካቾች ጋር ሲነጋገሩ፣ አንዲት ተመልካች የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ከምን እንደተሠራ ስትጠይቅና የሠራው ጓደኛችን ከተጣለ የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ መሆኑን ሲመልስላት፣ ውይይቱ ፊልሙ ካለቀ በኋላም ቀጠለ። አስተያየቶችን በተመለከተ፣ ድምፅ አይሰማም ወይም ጽሑፉ ይፈጥናል የሚሉትን ወዲያው መዝግበን ለሚቀጥለው ሥራ አስቀመጥናቸው፤ ታሪኩ ከይፋዊው የዘመን ቅደም ተከተል ጋር ይጋጫል የሚሉትን ደግሞ በአክብሮት አስተናገድናቸው። እነዚህ ሰዎች ያንን ዓለም ከብዙዎቻችን በላይ የሚያውቁና የሚወዱ ናቸው፤ አድናቂ ለአድናቂ የሠራው ፊልም ደግሞ ከእነርሱ የተሻለ ተመልካች አያገኝም።

ከልቀቱ በኋላ የቀረው ሥራ ማስቀመጥ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው ፋይል የተጨመቀ ቅጂ በመሆኑ እንደ መጠባበቂያ ሊቆጠር አይገባም፤ ቻናል ሊዘጋ፣ መመሪያም ሊለወጥ ይችላል። እኛ ያልተጨመቀውን የመጨረሻ ፋይል፣ ንግግሩን፣ ሙዚቃውንና የድምፅ ውጤቶቹን ለየብቻቸው፣ የኤዲቲንግ ፕሮጀክቱንና የግርጌ ጽሑፎቹን በሁለት የተለያዩ ዲስኮችና በሌላ ቦታ ባለ ሦስተኛ ቅጂ አስቀምጠናል። ከእነርሱ ጋር አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የድምፁ ወይም የምስሉ ስም፣ በፊልሙ ውስጥ የሚገኝበት ደቂቃ፣ የተገኘበት ቦታ፣ የፈቃዱ ዓይነትና የወረደበት ቀን ተጽፏል፤ የተዋንያኑ የተፈረሙ ስምምነቶችም በዚያው አቃፊ ውስጥ ይገኛሉ። የሞተሩ ድምፅ ጥያቄ ሲመጣ መልስ የሰጠነው ከዚህ ሰንጠረዥ ነው፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ቢመጣም፣ በዚያን ጊዜ ቻናሉን የሚይዘው የቡድኑ አባል ማንም ይሁን ማን፣ እኛን ሳይጠይቅ ሊመልስ ይችላል።